እምቢ የማይባሉ እንግዶች

«ወሰዷት! እማዬ፣ ቀይዋን ዶሮ ወሰዷት!»

ታራይቪኒ እየጮኸች ከማብሰያው ጎጆ ዘላ ስትወጣ አንድ ቀውላላ ጎረምሳ ዶሮዋን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በግቢው መሐል ይንጎራደዳል። ዶሮዋ ትጮኻለች፣ እሱ ይስቃል። ይባስ ብሎ የአባቷን የፊጂ ራግቢ ቡድን ማሊያ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አውርዶ ለብሶታል።

እናቷ ሊቲያ በሩ ላይ ቆማ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች። «ሂድ ከዚህ፣ አንተ የጀልባ ምሰሶ! ማሊያው እኮ ለሰው ነው የተሰፋው!»

«ዶሮሽም እንዳንቺ አጥንት ብቻ ናት!» አለና ልጁ አጥሩን ዘሎ ሄደ።

ታራይቪኒ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ዶሮዋን ከጫጩትነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ቢሆንም ሳቀች፣ ምክንያቱም መሳቅ ግዴታ ነበር።

እንግዶቹ ከቶካላይ ደሴት የመጡት ለቤተ ክርስቲያኑ ምረቃ ነው። ክፉ ወጀብ የነቀለው ጣሪያ በስንት መከራ ተሠርቶ አልቆ፣ የዴላይዋሳ መንደር ሽር ጉድ ላይ ነበር። የቶካላይና የዴላይዋሳ ሰዎች ደግሞ ታውቩ ናቸው። ቅድመ አያቶቻቸው አንድ ስለሆኑ ሲገናኙ እንደልባቸው ይሰዳደባሉ፣ ደስ ያላቸውን ነገር ከየቤቱ ያነሳሉ። «አማረኝ» ብሎ በእጁ የያዘ ሰው የያዘው ነገር የራሱ ነው። የተወሰደበት ይስቃል እንጂ አይቆጣም፤ የተቆጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲተረትበት ይኖራል። የተወሰደን ዕቃ መልሱልኝ ማለትም ትልቅ ነውር ነው። የተወሰደበት ሰው አንድ ቀን ጀልባውን አስነስቶ እነሱ ዘንድ ሄዶ የፈለገውን እስኪያነሳ መጠበቅ ነው ያለበት።

ከሰዓት በኋላ በመንደሩ አዳራሽ ምንጣፉ ላይ ምግብ ተደረደረ። የተቀቀለ ጎደሬ፣ መሬት ተቆፍሮ በጋለ ድንጋይ የበሰለ አሳማ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ። ታራይቪኒ ከእናቷ ጋር ሳህን ታመላልሳለች። በላይኛው ወገን የመንደሩ አለቃ ራቱ ማናሳ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የእንግዶቹ ታላቅ እማማ ኡናይሲ አሉ። እማማ ኡናይሲ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ጆሯቸው ላይ ቀይ አበባ የሰኩ፣ ድምፃቸው ከባሕር ማዶ የሚሰማ አሮጊት ናቸው። ከዓሣው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ማናሳ፣ ይሄ ዓሣ የት ነው የተያዘው?»

«ከውጭው ባሕር ነዋ። የት ሊሆን ነው?»

«ለዚህ ነው የቆርቆሮ ዓሣ የመሰለኝ! ይሄንንማ እኔም አገር አጥቼው ነው? ነገ ከመሄዳችን በፊት ልጆቼ ክልክሉ ውስጥ ገብተው በቀቀን ዓሣ ይወጉልኛል። ጦራቸውን ይዘው ነው የመጡት። አማረኝ!»

ሳህን የሚያመላልሱት ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ራቱ ማናሳ ጭናቸውን መትተው ሳቁ፣ ሰውም ተከትሏቸው ሳቀ። «ባሕሩ ያንቺው ነው፣ አንቺ ሆዳም!» አሉ። ታራይቪኒ አጎቷን ፈለገች። አጎቷ ኔሚያ የባሕሩ ጠባቂ ነው፤ እንደ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይስቃል፣ ዓይኑ ግን ምንጣፉ ላይ ተተክሏል።

ክልክሉ የሚባለው ከመንደሩ ፊት ለፊት ያለው የኮራል ባሕር ነው። በእነሱ ልማድ አለቃ ሲሞት ከባሕሩ አንዱ ወገን ይከለላል፤ የሐዘኑ ጊዜ ሲያልቅ ተከፍቶ ዓሣው ለድግስ ይውላል። ዴላይዋሳዎች ግን የቀድሞው አለቃ ሞተው ባሕሩ ሲከለል ዓሣው እንዴት እንደበዛ አይተው ሳይከፍቱት ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ለሠርግም ሆነ ለገና ማንም አልነካውም።

ከምግቡ በኋላ አጎቷን ባሕሩ ዳር አገኘችው፤ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጧል።

«አጎቴ፣ ለምን ዝም አልክ? ጠባቂው አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ሌባ ሲመጣ ጠባቂ ነኝ። ታውቩ ሲመጣ ምንድን ነኝ? እምቢ ብል መንደሩን አዋረድኩት ማለት ነው።»

«ራቱ ማናሳስ?»

«የእሳቸውማ ይብሳል። ዶሮ ሲወሰድ የሳቁ ሰው ለዓሣ ሊኮሳተሩ ነው?»

«ዓሣው ዶሮ አይደለም እኮ!»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አለ አጎቷ ቅር ብሎት። እሷም በተናገረችው ተጸጸተች።

ለእሱ መንገር አያስፈልግም ነበር። ባለፈው ዓመት በሙቀቱ ወራት ባሕሩ ለብ ያለ ሻይ ሆኖ ነበር። መጀመሪያ ኮራሎቹ አይታ በማታውቀው ደማቅ ሐምራዊና ቢጫ ቀለም አበሩ፤ ታራይቪኒም እንዴት አማረባቸው ብላ የአጎቷን የኔሚያን ልጅ አፓኩኪን ጠርታ አሳየችው። በሳምንቱ ስትጠልቅ ሁሉም ነጥተው ጠበቋት። የመጥለቂያ መነጽሯ ውስጥ አለቀሰች፤ መነጽር ውስጥ ማልቀስ ደግሞ የማይረባ ነገር ነው፣ እንባውን መጥረጊያ የለም። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ነፍስ እንዳለው፣ ውስጡ ሆነው የሚመግቡት ጥቃቅን ነገሮች ሙቀት ሲበዛበት ጥለውት እንደሚሄዱ፣ ከዚያም በረሃብ እንደሚያልቅ ያን ቀን አጎቷ ነገራት። «እኛ ከለልነው፣ ጠበቅነው፣ ምልክት ተከልንበት። ሙቀቱ ግን ምልክት አያነብም። ዓለም ሁሉ የሚያጨሰው ጭስ ነው የመጣብን» አላት።

ከክልክሉ ውጭ ያለው ኮራል ሞተና ሣር ለበሰ። እንደ እርጥብ ፀጉር የሚሙለጨለጭ አረንጓዴ ሣር ነው፤ እሱ ባለበት አዲስ ኮራል አይበቅልም። ክልክሉ ውስጥ ግን በቀቀን ዓሦች አሉ። እነዚያ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ አፋቸው መንቁር የመሰለ ትልልቅ ዓሦች ቀኑን ሙሉ ከሞተው ኮራል ላይ ሣሩን ይግጣሉ። ሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ ቅርጭጭ ቅርጭጭ የሚለው ጥርሳቸው ይሰማል። እነሱ ባጸዱት ቦታ ላይ ዘንድሮ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ ሕፃናት ኮራሎች ብቅ ብለዋል። መጀመሪያ ያየቻቸው ታራይቪኒ ናት፣ ለዚህም ነው ልክ ራሷ የወለደቻቸው ያህል የምትሳሳላቸው። ዓሦቹ ደግሞ ለዓመታት ማንም ስላልነካቸው ሰው አይፈሩም፤ ጦር የያዘም ቢመጣ ሊያዩት ይቀርባሉ። ሁሉንም ወግቶ ለመጨረስ አንድ ጠዋት ይበቃል።

አፓኩኪ ከኋላዋ መጣ። እኩያዋ ነው፤ ሲተራረቡ ነው ያደጉት።

«የበቀቀን እናት፣ ምን ሆነሽ ነው የታመመ ሸርጣን መስለሽ የተቀመጥሽው?»

«ተወኝ አፓኩኪ። የምሬን ነው።»

አፓኩኪ ወደ አባቱ ጀርባ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መላ አለኝ። ዓሣው ተመርዟል እንበላቸው። ኮራል ሲታመም ዓሣውም ይመርዛል ሲባል አልሰማሽም? በሌላ ደሴት አንድ ሰው በልቶ ከንፈሩ ደንዝዞ የለ? ማን ገብቶ ያጣራል?»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ለዓሣ የተዋሸ ውሸት ነው፣ ቀላል ነው። ለአሮጊቷ አንቺ ንገሪያቸው። እኔ ብነግራቸው ማንም አያምነኝም።»

«እሱስ እውነት ነው» አለች ታራይቪኒ። ሌላ መንገድ አልታያትም። እነግራቸዋለሁ ብላ ተስማማች፣ ወደ ቤት ስትሄድም ልቧ ቀለል አላት።

በማግሥቱ ጠዋት እማማ ኡናይሲ ባሕሩ ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ባሕሩ ረጋ ብሏል። ታራይቪኒ የምትናገረውን ቃል በልቧ እየደጋገመች ቀረበች።

«ነይ፣ ዶሮዋን የተነጠቅሽው ልጅ» አሉ እማማ ኡናይሲ። «ተቀመጪ። እናቴ የዚህ መንደር ልጅ እንደነበረች ታውቂያለሽ? በበዓል ቀን የበቀቀን ዓሣ ጭንቅላት ለእኔ ነበር የምትሰጠኝ። ወንድሞቼ በቅናት ያብዱ ነበር።» ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ቆመ። «እኛ ጋ አልቋል ልጄ። ባሕራችን ነጣ፣ ቀጥሎ ፀጉር አበቀለ፣ ዓሣውም ሄደ። አርጅቻለሁ። አንድ ጊዜ ቀምሼው ልሙት ብዬ ነው።»

ታራይቪኒ አፏን ከፈተች። «ተመርዟል» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ይህን ብትላቸው እኚህ ሴት የእናታቸውን ዓሣ እየፈሩ ነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት፤ ወሬውም ከደሴት ደሴት ይዛመታል። አፈረች። አፏን መልሳ ገጠመች።

«ምን ልትይ ነበር?»

«ምንም። እንዴት አደሩ ልል ነበር።»

«ደህና አደርኩ። ምነው ላብ በላብ ሆንሽ?»

በዚህ መሐል ጎረምሶቹ ዕቃቸውን ተሸክመው መጡ። የተዘረፈው ሁሉ ተጭኗል፤ ድስት፣ ትራስ፣ ሬዲዮ፣ ዶሮ። ባለ ማሊያው ቀውላላ ረጃጅሞቹን የዓሣ ጦሮች ከጀልባዋ ጎን አቆማቸውና መነጽሩን ሊያጥብ ጎንበስ አለ። የመንደሩ ሰው ሊሸኝ ወጥቷል፤ ራቱ ማናሳም አጎቷም ቆመዋል። ሁሉም ፈገግ ብለዋል፣ ማንም ግን ደስ አላለውም።

ታራይቪኒ ብድግ አለች። ያሰበችበት ነገር አልነበረም። ብታስብበት ኖሮ እግሯ አይታዘዛትም ነበር። ጀልባዋ ጋ ደርሳ ጦሮቹን ባንድ ላይ ሰብስባ አቀፈቻቸው።

«አማረኝ!» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ።

«ምኑ?» አለ ቀውላላው።

«ጦሩ። ሁሉም።»

«ኧረ በናትሽ! አንዱን ውሰጂ፣ ሌላውን ተዪልን።»

«አንተ ማሊያውን ስትወስድ እጅጌውን ትተህልን ነበር?»

አንድ ሰው በሳቅ ሊፈነዳ ሲል ሳቁን ዋጠው። በታውቩ መሐል ዕድሜ አይቆጠርም ይባላል፤ ነገር ግን የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ በአለቃዋ ፊት የእንግዶቹን ታላቅ ሰው ምሳ ስትነጥቅ ታይቶ አይታወቅም። ሁሉም ወደ እማማ ኡናይሲ ዞሩ። እሳቸው አልሳቁም። ታራይቪኒ ጦሮቹን አጥብቃ አቀፈች።

«እና ልጆቼ ምሳዬን በምን ሊይዙልኝ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«በእጃቸው ይያዙት» አለች ታራይቪኒ። «ዶሮ መያዝ ይችሉበታል።»

እማማ ኡናይሲ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ መላ ሰውነታቸው ተናወጠ። ሲስቁ አበባው ከጆሯቸው ወደቀ። ያኔ ባሕሩ ዳር ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«የማናት ይቺ! ልጆች፣ ሂዱና ከዚህ መንደር ጦር ውሰዱ! አማረኝ በሉ!»

አፓኩኪ ግን ይህንን ቀድሞ አስቦ ኖሯል። በእሱ ጥቅሻ የመንደሩ ሕፃናት ገና ታራይቪኒ ጦሮቹን ስታቅፍ ወደየቤታቸው ሮጠው ያለውን ጦር ሁሉ ምንጣፍ ሥር ደብቀዋል። እሱ እጁን አጣምሮ በጣም አዝኖ ቀረበ። «እማማ፣ ጦሮቻችን ተሰብረዋል። ትናንት። ሁሉም ባንዴ።»

«አየሁሽ ዴላይዋሳ!» አሉ እማማ ኡናይሲ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ታራይቪኒን በእጃቸው ጠሯት። «ነይ ወዲህ። ዝም ብለሽ አይደለም የወሰድሽው። ለምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

ከመናገር ማሳየት ቀለላት። አጎቷ ጀልባውን አመጣ፣ ታቹ መስታወት የሆነውን ባልዲ አቀበላት፤ አሮጊቷን ደግፈው አሳፈሯቸው። ክልክሉ ላይ ሲደርሱ ታራይቪኒ ባልዲውን ውኃው ላይ አስቀምጣ ያዘችላቸው። እማማ ኡናይሲ ጎንበስ ብለው አዩ። በቀቀን ዓሦቹ እንደ ልማዳቸው ማን መጣ ብለው ወደ ጀልባው ተጠጉ፤ ትልቁ አረንጓዴው የሞተ ኮራል ላይ መንቁሩን ተክሎ መጋጥ ጀመረ።

«እዚያ፣ እሱ ካጸዳው ቦታ ላይ፣ ትንንሾቹ ይታይዎታል? ሮዝ የመሰሉት?»

«ይሄ ቁልፍ የሚያክለው?»

«አዎ። አዲስ ኮራል ነው። ዘንድሮ የበቀለ። እነሱ ሣሩን ካልበሉ እሱም ይታነቃል።»

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አንገታቸውን አላቀኑም። ቀና ሲሉ እያለቀሱ ነበር፤ ሊደብቁትም አልሞከሩም። «ሳህን ላይ ብቻ ነው የማውቀው» አሉ። «ሲሠራ አይቼው አላውቅም።»

ታራይቪኒ ስለ ምሳቸው ይቅርታ ልትጠይቅ ፈለገች፤ ይቅርታ ለታውቩ አይባልምና የአሮጊቷን እጅ ያዘች። ክብድ ያለ፣ የሞቀ እጅ ነበር። እስከ ባሕሩ ዳርቻ ድረስ አልለቀቋትም።

ውኃው ሲሞላ እንግዶቹ ተሳፈሩ። ሞተሩ ተነሳ። እማማ ኡናይሲ ግን አልተቀመጡም፤ በልጅ ልጃቸው ትከሻ ላይ ተደግፈው ጮኹ።

«ማናሳ! ሁሉም የወሰደውን ወስዷል። እኔ ብቻ ባዶ እጄን ልሄድ ነው። ምሳዬንም ቀምታችሁኛል።»

«ያማረሽን ውሰጂ!» አሉ ራቱ ማናሳ። «ከሚስቴ በቀር!»

«ሚስትህንማ ማን ይመግባታል? ይቺን ነው የምወስደው!» ጣታቸው ታራይቪኒ ላይ አረፈ።

መንደሩ በሳቅ አውካካ፤ ታራይቪኒም ሳቀች። አፓኩኪ «እኔስ? እኔን የሚወስደኝ ጠፋ?» እያለ ደረቱን ደቃ። እማማ ኡናይሲ ግን በእጃቸው ዝም አሰኟቸው፤ ሞተሩም ጠፋ።

«የምሬን ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የለ? እስኪከፈት እኔ ቤት ትሁን። የልጅ ልጆቼን ባሕር ውስጥ ታስገባልኝ፤ ምን እንደሚያዩ ታሳያቸው። ለአለቃችንም ባሕሩን ከልለው ብላ ትንገርልኝ። እኔ ብነግረው አሮጊት አበዛችው ይላል።»

ሰው ሁሉ ወደ ሊቲያ ዞረ። ሊቲያ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኔ ታውቩን እምቢ አልልም» አለች። «እሷ ግን ዶሮ አይደለችም። እሷው ትናገር።»

ታራይቪኒ ወደ ክልክሉ ዞረች። ያ ሁሉ ነገር ከነጣ ወዲህ ከክልክሉ ውጭ አንድ ጊዜም ጠልቃ አታውቅም። የሞተውን ላለማየት ነበር፤ አፓኩኪ እንኳን ይህንን አያውቅም። የዕረፍቱን ጊዜ በሙሉ እዚሁ፣ እነዚያ ቁልፍ የሚያካክሉ ኮራሎች አጠገብ ልታሳልፍ ነበር ያሰበችው። ቶካላይ የሚጠብቃት ፀጉር ያበቀለ ባሕር ነው። ፈራች።

«እማማ» አለች፣ «እናንተ ጋ በቀቀን ዓሣ ጭራሽ የለም?»

«አለ፣ ትንንሽ። አልፎ አልፎ አንዱ ብቅ ይላል።»

«ብቅ ሲል ምን ታደርጉታላችሁ?»

ማሊያ የለበሰው ቀውላላ አንገቱን አቀረቀረ። «እንበላዋለን» አለ።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አትበሉትም» አለች ታራይቪኒ፤ ሽርጧን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችና ወደ ጀልባዋ በውኃው ውስጥ መራመድ ጀመረች።